ያለ ማንም እርዳታ

ጠዋት ተነስታ አልጋዋን አነጠፈች፤ መድኃኒቷን ዋጠች፤ አጃዋን ጠጣች። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራ አመራር ስታስተምር የኖረችው ሴት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የገዛ ቀኗን መምራት አቅቷት እንደ ሰነፍ ተማሪ ከሀ ጀምራለች። ዛሬ ፈተናዋ ነው። ልጇ ሱራፌል ለዘመድ ሰርግ ሊወስዳት ሲመጣ ተዘጋጅታ ካልጠበቀችው፣ ቤቷን ዘግታ ከእሱ ጋር ልትኖር ተስማምታለች።

ሲደርስ ነጠላዋን ደርባ በር ላይ ቆማ አገኛት።

«ምድጃውስ?»

«ጠፍቷል። ያረፈድከው አንተ ነህ፣ ጌታዬ።»

ቤቱን ዞሮ አየና ሳቀ። «እሺ እማዬ፣ ተሸነፍኩ። እዚሁ ኑሪ።»

ጄኔራልነት የተሾመች ይመስል እየተጀነነች መኪናው ውስጥ ገባች።

ሰርጉ ላይ ዘፈኑ ሲደምቅ ዘመዶቿ ጎትተው አስነሷት።

«ነጠላሽን ወገብሽ ላይ እሰሪው እንጂ!»

እምቢ ብላ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ምራቷ ግን እየሳቀች ከትከሻዋ ላይ ገፈፈችው። የቀሚሷ ጀርባ እስከ ወገቧ ድረስ ክፍት ነበር።

ሱራፌል ሮጦ መጣ። «እማዬ፣ ዚፑን ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። እጄ አልደርስ ብሎኝ ነው።»

ዚፑን ይዘጋላት የነበረው ባሏ ነበር። አሁን እሱ የለም።