የከበበውን ዓይን የበላችው

ይህን የሚያምነኝ ሰው ከተገኘ ፂሜን በደረቁ ልላጭ! ከበበው ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ላይ በቀኝ ዓይኑ ሕመም ሲጮኽ፣ አንድ መርከብ የተጠራ መስሎት በጥሩምባ መለሰለት።

ከበበው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ባለፈው ወር መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ ዓይኑን ሲመረመር፣ ከሰሌዳው ግርጌ ያለችውን የጉንዳን ጫማ የምታህል ፊደል ሳይቀር ጠርቷል። አሁን ያ የንስር ዓይን ቀልቶ ዕንባ ያወርዳል፤ ከብርሃን ይሸሻል። ዓይኑ ከጠፋ መሪው ለሌላ ይሰጣል። ድሬዳዋ ደግሞ ስድስት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል።

ጥፋተኛዋን ለማግኘት ግማሽ ቀን አልፈጀም።

«ሐዲጃ ናት!» አለ ጓደኛው አሸናፊ።

ሐዲጃ ለሾፌሮች ሻይና ሳምቡሳ ትሸጣለች። ግራ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ አያይም።

«ባንድ ዓይኗ ስላየችው አንድ ዓይኑ ብቻ ታመመ። በሁለቱ ብታየው ኖሮ ዛሬ በበትር ነበር የሚሄደው!»

ሾፌሮቹ በአሸናፊ ጥበብ ተደነቁ።

«ወላሂ!» አለች ሐዲጃ። «ትናንት ፍየሌን ‹እንዴት አደርሽ ሐዲጃ› ያልካት ሰውዬ፣ አንተ ነህ ስለ ዓይን የምታወራው?»

አሸናፊ ከደረት ኪሱ ትንሿን የሱረት ቆርቆሮ አወጣ፤ ከመኪናው በርሜል ውሃ ጠብ አድርጎባት መልሶ ከተታት። የጅቡቲ ሙቀት ሱረትን እንኳ ያስጠማል። አሸናፊ ለወዳጅ አይሰስትም፤ ባለፈው ወርም ቆርቆሮዋን ለከበበው አውሶት ነበር።

የመጀመሪያው ክሊኒክ «ቫይረስ ነው» ብሎ ጠብታ ሰጠው። ሁለት ሳምንት አንጠባጠበ፤ ባሰበት። በመጨረሻ አሸናፊ እጁን ይዞ፣ በመንገድ ሁለት ጊዜ ከምሰሶ ጋር አጋጭቶ፣ አዲስ አበባ የተማረ የዓይን ሐኪም ዘንድ አደረሰው፤ ዶክተር ዓብዱልጀሊል ይባላል። ሐዲጃም ስሟን ልታጠራ ተከተለቻቸው።

ዶክተሩ ዓይኑን በመሣሪያ አየ። ኮርኒያ በሚሉት የዓይን መስታወት ላይ ነጭ ቀለበት ተሠርቷል። አደንዝዞ ጥቂት ፋቀለትና ባክቴሪያ በተቀባ ሳህን ላይ አኖረው። በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም ጠርቶ በማይክሮስኮፕ አሳያቸው። ጥቃቅኖቹ ፍጥረታት ባክቴሪያውን እየጋጡ፣ ልክ እንደ ዶራሌ መኪኖች ፈለጋቸውን ጥለው ሄደዋል።

«አሜባ ነው» አለ ዶክተሩ። «ውሃ ውስጥ ይኖራል። ዓይን ሲጫር ገብቶ ኮርኒያውን ይበላል። ግን ደርሰንበታል። መጀመሪያ በየሰዓቱ፣ ከዚያም ለወራት ጠብታ ከተደረገ ዓይኑ ይተርፋል።»

«እኔስ?» አለች ሐዲጃ።

«አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ይኸው! ስሙ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው።

ዶክተሩ ወደ ከበበው ዞረ። «ይሄ በብዛት የሚይዘው በተራ ውሃ የታጠበ፣ ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎችን ነው። ጋሼ ከበበው፣ ሌንስ ያደርጋሉ?»

«እኔ? በዚህ በንስር ዓይኔ?» ከበበው በደህናው ዓይኑ አሸናፊን ሰረቅ አድርጎ አየው።

«ካለዎት ዛሬውኑ ይጣል። አለዚያ ግራውም ይከተላል።»

አሸናፊ የሱረት ቆርቆሮዋ ያለችበትን የደረት ኪሱን በሁለት እጁ አፍኖ ተነሳ፤ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ነጭ ጋዋንም እጅ ነሳ፦ «ኧረ በማርያም ዶክተር! እሷ ከተጣለች አሥራ ሰባት ሾፌር ለመንጃ ፈቃድ በምን ይመረመራል? ነገ ተራው የኔ ነው!»