የሸምሱ ጡሩምባ

ሸምሱ ስህተቱ የገባው ጡሩምባውን ከአፉ ካወረደ በኋላ ነው። የመካኒሳ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየግቢያቸው እየወጡ ነበር። ምን ያድርጉ? የእድሩ ጡሩምባ በማለዳ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ እሱም ቢሆን በዚህ ሁሉ ዓመት ለሌላ ነገር ነፍቶት አያውቅም። ዛሬ ግን ማታ የሰማው የምሥራች እንቅልፍ ሲነሳው አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ሳያስበው ጡሩምባውን አንስቶ ወጣ። አንዷማ ገና ከበሯ ሳትርቅ ደረቷን መድቃት ጀምራለች።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» ብሎ ጮኸ። የሚያምነው አላገኘም። ከፊቱ የቆሙት እማማ ተናኘ ዓይናቸውን ከጡሩምባው ላይ አልነቀሉም። ባለፈው ክረምት የልጃቸውን ሞት ለሰፈሩ ያሰማው ይኸው ጡሩምባ ነው፤ እናት የሌላቸው የልጅ ልጆቻቸው አሁን ቀሚሳቸውን ይዘው ከኋላቸው ቆመዋል። ሸምሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያመለከትንለት ረጂ ድርጅት እሺ ብሎናል! ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች የሚያሳድገው እድራችን ራሱ ነው። ብሩ በእድራችን እጅ ይገባል፤ ለማን ምን እንደሚያስፈልግ የምንወስነውም እኛው ነን። ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚያዘን የለም!»

ከዚያ ደረቷን ስትደቃ የነበረችው ሴት ራሷ ሳቋ አመለጣት፤ ሌሎቹም እየተሳሳቁ እዚያው መንገድ ላይ ነጠላቸውን አቃንተው ለበሱ። እማማ ተናኘ ከሁሉም ዘገዩ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ያዘቀዘቁትን ነጠላ ቀስ ብለው ፈቱና አገላብጠው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት።

«በል እስኪ ሸምሱ፣ ጡሩምባውን አንዴ ድገመው» አሉት። «የዛሬውን ደህና አድርጌ ልስማው።»