የሞገዶቹ መገናኛ

አጭር ሞገድ አዝጋሚ ነው፣ ረጅሙ ፈጣን። አጭሮቹን አስቀድሞ ረጅሞቹን ያስከተለ ሰው ሁሉንም አንድ ቦታ ያገናኛቸዋል፤ እዚያ ውሃው እንደ ግድግዳ ይቆማል። ይህን ስሌት የሠራችው እሷ፣ የቤተ ሙከራው ረዳት ናት። ታትሞ የወጣው ግን በፕሮፌሰር መኳንንት ስም ነው፤ እንደ ልማዳቸው ኮምፒውተሯን ከፍተው ወስደውት።

ዛሬ ቤተ ሙከራው በእንግዳና በካሜራ ተሞልቷል። ፕሮፌሰሩ ረጅሙን የውሃ ገንዳ በሚያቋርጠው ድልድይ ላይ ቆመው ይናገራሉ። እሷ ዳር ላይ ሞገድ ከሚያስነሳው መሣሪያ አጠገብ ናት። መገናኛው ልክ ከእግራቸው ስር እንዲሆን ትናንት አስልታ ጨርሳለች።

«ዛሬ አገኘሁህ!» አለች በሆዷ፤ ቁልፉን ተጫነችው። ትንንሾቹ ሞገዶች መንገድ ጀመሩ፤ ትልልቆቹ ከኋላ ተከተሏቸው። አንዴ የተነሳ ሞገድ አይመለስም።

«የዛሬው ክብር ለረዳቴ ይገባል» አሉ ፕሮፌሰሩ ድንገት። «ልጄ፣ ነይ እዚህ ቁሚ።»

«ኧረ ግድ የለም፣ እርስዎ ይቁሙ!»

«በሞቴ! እኔ እዚህ ቆሜ አንቺ እዚያ?»

እንግዳው ሁሉ አጨበጨበላት። በሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር ሆነባትና እግሯን እየጎተተች ወጣች። ቦታ ሲለቁላት ዝቅ ብላ አየች፤ ከውድ ሱፋቸው ስር የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገዋል።

«ያንቺን ስሌት» አሏት በጆሮዋ፣ «ሳላነብ አድሬ አላውቅም።»