እማማ የተዳሩበት ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻው ቁልፍ አልገባ ስላላት ጉልበቷን የሙሽራዋ ጀርባ ላይ አስደግፋ ጎተተች። ቀሚሱ የወደፊት አማቷ የተዳሩበት ነበር፤ እሳቸውም መስታወቱ አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰርጉ ነገ ነው።

«ጎኑን ትንሽ ላስፋው?» አለች ሰፊዋ።

«አይነካም!» አሉ አማትየዋ። «ሴት ልጅ ሰብሰብ ስትል ነው የሚያምርባት።»

«እማማ፣ አፈነኝ» አለች ሙሽራዋ፣ ድምጿ አልወጣ እያለ።

«እኔስ ታፍኜ አይደል የኖርኩት? ሞትኩ እንዴ? እኛ ቤት የምትገባ ሆደ ሰፊ መሆን አለባት።»

ሙሽራዋ በመስታወቱ ውስጥ ቀሚሱን ትታ አማቷን አየች። ሴትዮዋ ሰፊ ሹራብ ለብሰውም ትከሻቸውን ሰብስበው ቁርጥ ቁርጥ እያደረጉ ነበር የሚተነፍሱት። ዓይኗን ጨፈነችና ደረቷ እስኪሞላ አየር ሳበች። ስፌቱ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተረተረ።

«ምን አደረግሽ!»

«ተነፈስኩ፣ እማማ።»