ለሰርግ የተፈቀደ ድንኳን

ከምርጫው ተኩስ በኋላ ሐዘን የገባበት ቤት ሁሉ እንባውን በጓዳው ዋጠ። ሁኔታውን ለማየት የመጡት የውጭ ልዑካን እስኪመለሱ ድረስ፣ በቀበሌው ድንኳን የሚተከለው ለደስታ ብቻ ነው ተብሎ ነበር።

«የምን ድንኳን ነው?» አሏት የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ፈቃድ ልትጠይቅ የመጣችውን ወጣት።

«የሰርግ፣ ጋሼ። ቀኑ የተቆረጠው ከጾሙ በፊት ነው።»

ፊታቸው ፈካ። «እሰይ የኔ ልጅ! እንግዶቹንም ይዤልሽ እመጣለሁ። ሰላም መሆናችንን በዓይናቸው ይዩ።»

እሑድ ቀትር ላይ ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። እቅፍ አበባ የያዘችው የልዑካኑ መሪ ግን ከድንኳኑ ደጃፍ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። እልልታ የለም። ሰፈርተኛው ነጠላውን ዘቅዝቆ ለብሶ በዝምታ ተቀምጧል። ሙሽራዋ ጥቁር ለብሳለች፤ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ሊቀ መንበሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «አንቺ ልጅ፣ ልታስበይኝ ነው?» አሏት።

እንግዳዋ በአስተርጓሚ «ሙሽራው የት አለ?» ብላ ስትጠይቅ ሙሽራዋ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«እሳቸውን ይጠይቁልኝ» አለች፣ ሊቀ መንበሩን በጣቷ እያሳየች። «ድምፅ ሊሰጥ ተሰልፎ ሳለ ገደሉት። አስከሬኑን እስከ ዛሬ አልሰጡንም።»