ስድስተኛው ስክሪን

ፈዋዝ ስድስት ስክሪን የሚችል ቤት ነበረው፤ አንዱን እንኳ ነቅቶ የሚያይ ዓይን ግን አልነበረውም። ኳስ ሲጀመር ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ እረፍት ሳይደርስ ያንኮራፋል። ሆኖም የአጎቱ ልጅ ቤቱን ባለ አምስት ስክሪን አድርጎ የሳዑዲዋ ኸበር ከተማ በሙሉ ሲያወራለት ስለከረመ፣ እሱ ስድስት ገዛ። አራቱ ወንድ እንግዶች በሚቀመጡበት መጅሊስ፣ አንዱ በምግብ ክፍሉ፣ አንዱ በሴቶቹ ሳሎን።

ስድስቱን የሚያዛቸው አንድ ፕሮሰሰር ነው፤ ምስሉን ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ስክሪን በልኩ የሚያድል ጠፍጣፋ ጥቁር ሳጥን። እስኪስተካከል ድረስ ግን በየስክሪኑ ፊት ሰው ቆሞ የሚያየውን መናገር አለበት። ማታ ትልቅ ግጥሚያ አለ፤ የአጎቱ ልጅም ተጋብዟል።

ሻዝሊ የሚባለው ግብፃዊ ባለሙያ ከቀትር በኋላ መሣሪያውን ተሸክሞ ሲደርስ፣ ፈዋዝ ከመጋረጃው ማዶ ካለችው ሚስቱ ጋር ይነታረክ ነበር። ዘኪያ የባሕሬን ሰው ናት። እናቷ እዚያው ማናማ ከተማ፣ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ነገ ማለዳ ልቧን ይከፍቷታል። ሐኪሞቹ የምትሰናበቱ ዛሬ ተሰናበቱ ብለዋል። ወደ ባሕሬን የሚወስደውን የባሕር ድልድይ መሻገር ብቻ ነው፣ አየት አድርጌያት እመለሳለሁ ብላ ለመነችው።

«የሚቀደው ሐኪሙ ነው» አለ ፈዋዝ። «አንቺ ምላጭ ልታቀብዪ ነው? እንግዶቼ ይሸኙና ነገ ከሰዓት ትሄጃለሽ።»

ሻዝሊ ንትርኩን እየሰማ ጫማውን አወለቀና መሣሪያውን ምንጣፉ ላይ ዘረጋ።

አምስቱ ስክሪኖች ብዙም አላስቸገሩ። የሴቶቹ ሳሎን ግን ባዳ ወንድ የሚገባበት አይደለም። ፈዋዝም ቢሆን ከተሠራ ወዲህ ረግጦት አያውቅም፤ የሴት ወሬ ያሳክከኛል ይላል። እዚያ ያለውን ስክሪን፣ ጠዋት የእናቷን ወሬ ይዞ የመጣው ወንድሟ በሴቶቹ በር ገብቶ እንደሰቀለው ዘኪያ ነግራዋለች። ስለዚህ እሷ ከስክሪኑ ፊት ቆማ በስልክ እንድትናገር ተስማሙ። ፈዋዝ ስልኩን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ነገሩን ወዶታል፤ እየመለሰች እስካለች የት እንዳለች ያውቃል።

«ሥራ ስትይዝ ለቅሶውን ትረሳዋለች» አለ ለሻዝሊ። «ሴት እንደ ሕፃን ናት፤ እጇ ላይ የሆነ ነገር ማስያዝ ነው።»

ሻዝሊ በሳጥኑ ላይ ጎንበስ አለ። አምስት አረንጓዴ መብራቶች በርተዋል፤ ስድስተኛው አልበራም። ፈዋዝ ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀ። ሻዝሊ ሳሎኑ ሩቅ ነው፣ ሽቦው ሲረዝም መብራቱ ይዘገያል ብሎ መለሰለት።

«አገርህ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቴሌቪዥን ያያል፤ ስለ ስድስት አንተ ምን ታውቃለህ?»

«እውነት ነው አቡ በድር» አለ ሻዝሊ፣ እንደ አገሩ ወግ በልጁ ስም እየጠራው። «ግን እስከ መጨረሻው እናየው ነበር።»

ፈዋዝ ነገሩ ስላልገባው ሳቀ።

ሻዝሊ መጀመሪያ የመሞከሪያ መስመሮችን ወደ ስክሪኑ ልኬያለሁ አለና ዘኪያን ምን እንደሚታያት ጠየቃት። ነጭ መስመር፣ መሐል ላይ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አለችው። በጣም ጥሩ፣ ኡም በድር፣ ትንሽ ይታገሱኝ አላት። ትንሹ ረዘመ። ፈዋዝ ሦስቴ ሻይ ጠጣ። በስልኩ ውስጥ ንፋስ የመሰለ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የአየር ማቀዝቀዣው ነው አለች ዘኪያ። ቀለሙስ? አላት ሻዝሊ። ሰማያዊ ነው፤ ግራም ቀኝም ሰማያዊ።

አንድ ጊዜ የወንድ ድምፅ ጣልቃ ገብቶ መታወቂያ ጠየቀ። ፈዋዝ ከትራሱ ቀና አለ።

«ማነው እሱ?»

«ጣፋጩን ያመጣው ልጅ ነው። ሳያረጋግጥ አይሰጥም።»

ፈዋዝ ተመልሶ ተጋደመ፤ ጣፋጭ ለእንግዳ ያስፈልጋል። ያሳሰበው ሌላ ነው። ይህ ግብፃዊ አምስቱን ባንድ ትንፋሽ ጨርሶ በስድስተኛው ላይ ተኝቶበታል። ጥያቄው አያልቅም፤ ያንኑ ቁልፍ ይነካል፣ ይተዋል፣ መልሶ ይነካል። ድምፁም ከእሷ ጋር ሲነጋገር ይለሰልሳል። ፈዋዝ የስልኩን ድምፅ በእጁ አፈነና ተጠጋው።

«የሰው ሚስት ድምፅ ጣመህ?»

«እርስዎ አሉ፤ ስልኩም የእርስዎ ነው» አለ ሻዝሊ ቀና ሳይል። «ተወው ካሉኝ እተወዋለሁ። የሴቶቹ ስክሪን ጠቁሮ ያመሻል፤ የአጎትዎ ልጅ ሚስት ደግሞ አይታ ዝም የምትል አይመስለኝም።»

ፈዋዝ እጁን ከስልኩ ላይ አነሳ። ቀጥል አለው። ከዚያ በኋላ ግን ከባለሙያው ጣት ላይ ዓይኑን አልነቀለም፤ ሌባ እንደሚጠብቅ ሰው ትንፋሹን ሳይቀር ተከታተለ። ሻዝሊ ጠየቀ፣ ዘኪያ መለሰች፤ ደብዘዝ ብሏል አለች፣ መብራት በዛበት አለች፣ አሁን ደግሞ ሁሉም ነጭ ሆነ አለች፣ ግድግዳውም ጣሪያውም። ሻዝሊ ደረሰ ማለት ነው አለና መፍቻዎቹን ወደ ቦርሳው መመለስ ጀመረ።

ከውጭ የአጎቱ ልጅ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ፈዋዝ ስልኩን ብድግ አድርጎ ለመጨረሻ ጊዜ ራሱ ጠየቃት።

«በይ ቶሎ በይ፤ አሁን ምንድነው የሚታይሽ?»

«እናቴ» አለች ዘኪያ።