ሻካራ ይሁን

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ስለ አንድ አናጢ ልንገራችሁ።

ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር ግቢ ያለው አንድ ባለጸጋ ከጓሮው የሥጋ መጥበሻ አጠገብ የሚቆም ጠረጴዛ አዘዘው። «ጋሼ፣ ሻካራ ይሁን። ቅርፊቱም አይላጥ፤ የገጠር እንዲመስል ነው የምፈልገው» አለው።

አናጢው በሆዱ ሳቀ። «ይሉኝታ ይዞት ነው እንጂ፣ ሻካራ የሚወድ ማን አለ?» ብሎ ዋንዛውን ላገው፤ ፊት እስኪያሳይ ድረስ በሰም አሸው።

ባለጸጋው ጠረጴዛውን ሲረከብ ቅርፊቱን ፈልጎ ዙሪያውን ቃኘ። ኋላ ዳሰስ አደረገውና፣ «እጅዎ ይባረክ! እሑድ ከባለቤትዎ ጋር ለምሳ ይምጡልኝ» አለ።

አናጢው እየበረረ ቤቱ ገባ። «ሽታዬ! ‹ሥራህን ሰው ቤት ቆሞ ሳላየው ልሞት ነው› ትዪኝ አልነበር? ነጠላሽን እጠቢ!»

እሑድ እጇን ይዞ ገባ። እንግዶቹ ቅርፊቱ ያልተላጠ ሌላ ጠረጴዛ ከበው ይበላሉ። ዞር ዞር ብሎ የራሱን ፈለገ። ከመጥበሻው እሳት ውስጥ በሰም የታሸ የጠረጴዛ እግር፣ ግማሹ ነዶ፣ ወጣ ብሎ ይታያል።

«ኑ እንጂ ጋሼ!» አለ ባለጸጋው፣ ትኩስ ሥጋ በእንጀራ ጠቅልሎ እየመጣ። «በሞቴ ይጉረሱ! በእርስዎው ዋንዛ የተጠበሰ ነው።»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ጉርሻ አይመለስምና አፉን ከፈተ።

ሽታዬ ክንዱን ነካ አድርጋ፣ «ያንተው የቱ ነው?» አለችው።

አፉ ሙሉ ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰው ስታጎርሱ ያን አናጢ አስቡልኝ፤ አደራ።